«ከምንም» ያልኩበት ትምህርት

ዛሬ ጠዋት ሸህ ሁሴን ትምህርት መሃል ክፍሌ ገቡና ልጃቸውን «ፋጡማ፣ ተነሽ» አሏት።

ፋጡማ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሁሉ በሒሳብ የምትበልጥ ናት። የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ትናንት ተማሪዎቹን ላስደንቅ ብዬ «ባዶ ቦታ ላይ ቅንጣቶች ከምንም ይፈጠራሉ» አልኩ። እሷም ቤቷ ገብታ ለጎረቤት ደገመችው።

«አስተግፊሩላህ! ከምንም የሚያስገኝ ጀሊሉ ብቻ ነው» አሉኝ ሸሁ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ባዶ የምንለው ባዶ አይደለም። በየቦታው እንደ ማግኔት ዙሪያው ያለ የማይታይ መስክ አለ፤ ቅንጣት የመስኩ ንዝረት ነው። ኃይል ሲያገኝ ይወጣል እንጂ ከምንም አይመጣም።»

«እኛ ዘንድ ቁርአን የሚቀራ ደረሳ ሲሳሳት የጻፈበትን እንጨት፣ ሉሁን፣ አጥቦ እንደገና ይጀምራል። አንተም አጥፋና ጀምር።»

ሰሌዳውን አጥፍቼ፣ ከጃንሆይ ፎቶ ስር ቆሜ ትምህርቱን ከመጀመሪያው ደገምኩ። ሸሁ ኋላ ወንበር ላይ ሆነው ሰሙኝ። ኢንስፔክተር እንኳ እንዲህ አላላበኝም።

ስጨርስ «መስኩንስ ማን አመጣው?» አሉ።

«እሱን አላውቅም።»

«ማሻአላህ፣ ይሄ ደግ መልስ ነው» ብለው ተነሱ። ፋጡማ ክፍል ውስጥ ልትቆይ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ነይ ፋጤ፣ ኮቱ» አሏት።

«ደግ መልስ ነው አላሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔስ ገባኝ፣ መምህር። ልጄን ካፊር የሚላት መንደር ግን እዚህ ተቀምጦ አልሰማህም።»

ከሰዓት ቦታዋ ባዶ ነበር።

መምህራን ጓደኞቼ፣ የተሳሳተ ቃል ከክፍላችሁ አምልጦ ያውቃል? ደጅ ከወጣ በኋላ እንዴት አረማችሁት? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ እኔ ግን መልሳችሁን ሳልጠብቅ ነገ መንደራቸው እሄዳለሁ።