ይብሉ የሚል የሌለበት ቤት

አባቴን የገደልኳቸው በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ፋሲካ አብረን ስለፈሰክን አሁን እንዲህ ብዬ ለመጻፍ ድፍረቱ አለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶኮፒ አነሣለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ "አሁን ይመጣል" እያልኩ ደንበኛ አባብላለሁ። የቤቱ ባለቤት ባሕር ዳር ተምሮ የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ሲዲ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ጫነና፣ "ነይ እዪ፣ ይሄ ሰው የምታኖሪበት ጌም ነው" አለኝ። መተኮስ የለበትም፣ መኪና መንዳት የለበትም። ሰው ትፈጥራለህ፣ ቤት ትሠራለታለህ፣ ሲርበው ታበላዋለህ፣ ሲደክመው ታስተኛዋለህ፤ በቃ። ደንበኛ ሲጠፋ መጫወት ጀመርኩ።

ቤቱ እንደናፈቀው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የፈጠርኩት አባቴን ነው። አባቴ ጅጋ አጠገብ ባለ የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ነጭ ጢም አገኘሁ። ጋቢ ግን የለም። ኮት አለ፣ ቁምጣ አለ፣ የዋና ልብስ እንኳ በየዓይነቱ አለ። በመጨረሻ ፈረንጅ ገላውን ታጥቦ ሲወጣ የሚደርበውን ነጭ ካባ አለበስኳቸው፤ ከሩቅ ሲያዩት ጋቢ ይመስላል። ለጥምጣሙ ደግሞ ነጭ የብርድ ኮፍያ ደፋሁላቸው። ባለቤቱ አየና፣ "አባትሽ ከሻወር ነው የወጡት?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም።

እናቴን ለመፍጠር ሁለት ቀን ሙሉ ታገልኩ። ሹሩባ የለም። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት የለም። የአሮጊት ፀጉር የተባለው ሁሉ አጭር፣ ነጭና ጥቅልል ነው። የቱንም ብነካካ የምትወጣው አንዲት ጡረታ የወጣች የፈረንጅ አስተማሪ ናት። ሁለት ጊዜ "እማዬ" ልላት ሞክሬ አፍሬ ተውኩት። በመጨረሻ ተናድጄ አጠፋኋትና፣ "በቃ፣ አባባ ብቻቸውን ይኑሩ" ብዬ ቤት ሠራሁላቸው።

ሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን የለውም፤ መዋኛ ገንዳ ግን በየግቢው ነው። አንድ ቀን ጎረቤት ኬክ ይዞ መጣና ጨብጧቸው ሄደ። ጎንበስ ብሎ መስቀል የሚሳለም የለም፤ ላም ጠፋችብኝ፣ ልጄ አመመብኝ ብሎ የሚመጣ የለም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ወተት፣ እንቁላልና የዶሮ ሥጋ ነው። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነበር። አባቴ በሁዳዴ ከወንበራቸው ተነሥተው ወተት ሲቀዱ ሳይ፣ ሰው ያየብኝ ይመስል ፊቴን አዞርኩ።

"ይህን የሠሩት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" አልኩት ባለቤቱን።

"አሜሪካ ነው የተሠራው። ጅጋን ከየት ያውቁታል?"

"ባያውቁ ምን ቸገረኝ። ግን የሰው ልጅ ኑሮ ነው እያሉ ነው። የእኛ ሰፈር ኑሮ ነው ብለው ቢጽፉበት ማን ይጣላቸዋል?"

"አንቺ ደግሞ! ጌም ነው እኮ" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር ያን ሰሞን የሚያናድደኝ ጨዋታው ብቻ አልነበረም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም አባቴን ስኳር እንዳለባቸው ነግሯቸው ክኒን ጀምረዋል። ክኒኑ ባዶ ሆድ አይወድም፤ ሐኪሙም ረጅም ሰዓት ሳይበሉ እንዳይቆዩ አደራ ብሏቸዋል። አባቴ ግን እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አክፍሎት አስታጉለው አያውቁም። አክፍሎት ማለት ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ዶሮ ጩኸት እህልና ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት ነው።

በሆሳዕና ቤት ሄጄ ነበር። ድፍረት አሰባስቤ፣ "አባባ፣ ዘንድሮ አክፍሎቱን ይተዉታል አይደል?" አልኳቸው።

"የዓመቱን ነገር የዓመቱ ባለቤት ያውቀዋል" አሉኝ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለው መልስ እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም፤ ደጋግሞ የጠየቀ ልጅ ግን ባለጌ ነው። እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ መንገዱን ሙሉ በእሷ ዝምታ ተናድጄ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ አልነበረም። አባባ ዛሬ ማታ ይጀምራሉ እያልኩ ሳስብ እጄ ጨዋታውን ከፈተ። የኮምፒውተሩ አባቴም እንዲያከፍሉ ወሰንኩ። ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ምናልባት ደኅና ሆነው ፋሲካ ሲደርሱ አይቼ ልቤን ላሳርፍ ፈልጌ ይሆናል። እንዳይፈተኑ ብዬ ማቀዝቀዣውን ከቤቱ አወጣሁት። እዚያ አንድ ቀን ማለት እዚህ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

የረሃብ መስመራቸው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ሄደ። ሆዳቸውን ይዘው ወደ እኔ ቀና እያሉ እጃቸውን ያወናጭፉ ጀመር። "ትንሽ ይታገሡ አባባ፣ ቅዳሜ ደረሰ" እላቸዋለሁ በሹክሹክታ። ቅዳሜን ሳያጋምሱ ወለሉ ላይ ወደቁ። ደጁ ሣር ላይ አንዲት ትንሽ የመቃብር ድንጋይ ብቅ አለች። ለቅሶ የለ፣ ፍትሐት የለ፣ የሚያፅናና የለ። ጨዋታው አዲስ ቤተሰብ መጀመር እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ጨዋታ ነው ብዬ ራሴን ገሠጽኩ፤ አልሰማ አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ጆሮዬ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እንዳልደውል ያኔ ስልክ የሰፈራችንን ደጅ አልረገጠም። ዓርብ በስቅለት ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። ስሰግድ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ በየስግደቱ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይብሉ። በስቅለት ዕለት ቄስ አባቷ እንዲበሉ ስትለምን የዋለች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቅዳሜ ሲነጋ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ በየመንገዱ በግና ዶሮ የያዘ ሰው ሲጭን እያንዳንዱን በግ በሆዴ ረገምኩ። ጅጋ ወርጄ የገጠሩን መንገድ ተያያዝኩት። በእግር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ያን ቀን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ሰፈር ልደርስ ስል የቃጭል ድምፅ ሰማሁ። በዚህ ቀን ካህናት ቃጭል እየመቱ የምሥራቹን ቄጠማ ለየቤቱ ያድላሉ። የእኛን ሰፈር ዘወትር የሚያድሉት አባቴ ናቸው። ዛሬስ የሚመታው ማን ነው ብዬ ለማሰብ እንኳ ፈራሁ።

አጥሩን ዞር ስል አባቴ ናቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ቄጠማ በክንዳቸው ታቅፈው። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ምነው ልጀ? ምን ሰማሽ?" አሉና ቀርበው ራሴ ላይ ቄጠማ አሰሩልኝ።

"አባባ፣ አክፍለዋል?"

ግራ ቀኛቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሱን ሂጅና እናትሽን ጠይቂያት። የከሰሰችኝ እሷ ናት።"

ቤት ስገባ እናቴ በርበሬ ትነፋ ነበር። "ከስሻቸዋለሁ፤ ምን ላርግ" አለች ቀና ሳትል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሆሳዕና ማግስት፣ ለፋሲካው የቡሬ በርበሬ ይሻላል ብላ ከቤት ወጣች። አባቴም የቡሬን በርበሬ ስለሚያውቁት አልጠረጠሩም። እሷ ግን በርበሬውን ከገዛች በኋላ እዚያው አካባቢ ካሉት የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደች። እኒህ ሰው ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ስኳሩን፣ ክኒኑን፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። መነኩሴው ብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጧት፤ እሷም በርበሬው ከረጢት ውስጥ ከትታ አመጣችው። አባቴ እያስነጠሱ አነበቡት። ዘንድሮ ቅዳሴውን ለባልንጀሮችህ ተው፣ ቀኖናህ ስድስት ሰዓት ሲሆን መብላት ነው ይላል።

በሆሳዕና ዝም ብላ ምስር ስትለቅም ይህንን ነበር የምታውጠነጥነው። በዝምታዋ መናደዴ አሳፈረኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ አባቴ ቃጭላቸውን ይዘው ገቡ። እናቴ እንጀራና ሽሮ አቀረበችላቸው። ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨፍግገው ጎረሱ።

"ዕድሜየን ሙሉ ለሰው ቀኖና ስሰጥ ጹም፣ ስገድ እያልሁ ኖርሁ" አሉ። "የእኔ ተራ ሲደርስ ብላ ተባልሁ። ከዚህ የከበደ ቀኖና አላየሁም።"

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያዬ ሳቅ ነበር፤ ደረቴ ላይ ተጭኖ የሰነበተው ሁሉ አብሮት ወጣ። ልቤ ሲቀለኝ ጊዜ ስለ ጨዋታው ነገርኳቸው፤ አነጋገሬ ንስሐ እንደሚገባ ሰው ነበር። አባቴ እየጎረሱ አዳመጡኝ።

"ምን ለብሸ ነበር?"

"የገላ መታጠቢያ ካባ።"

"ይሁን። ከዚያስ?"

"እንዳይፈተኑ ብዬ ምግቡን ሁሉ ከቤት አወጣሁብዎት። በሁለተኛው ቀን ሞቱ።"

እናቴ አማተበች። አባቴ ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ።

"ብቻየን ነበርሁ?"

"ብቻዎን።"

"እናትሽስ የት ሄዳ?"

"አልሠራኋትም። ሹሩባዋን አጣሁት።"

አባቴ ጉርሻቸውን እንደያዙ ወደ እናቴ ዞረው ሹሩባዋን አዩት። በርበሬ ብናኝ ለብሶ ቀላ ብሏል።

"እንግዲያ መሞቴ ምን ይገርማል" አሉ።

እናቴ ሰሐኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። "ወሬውን ይተዉና ይብሉ" አለች።

አባቴም በሉ።