ሬድዋን ያሳመረው ገበጣ

ጋሽ ሙሳ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር አናጢ ነበሩ። በርና መስኮት፣ አልጋና ሣጥን እየሠሩ ልጆች አሳደጉ፤ ስማቸው የተጠራው ግን በገበጣ ነው። ከእብናት ከመጣ የዋንዛ ግንድ ራሳቸው በመሮ ፈልፍለው ያወጡት ገበጣ ነበራቸው። ደጃፋቸው ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን እየረገጥሁ ስንቱ ጉረኛ እዚያ ሲሸነፍ አይቻለሁ።

ያኔ ገበጣ ከእጅ ሌላ አፍ ይፈልግ ነበር። ተሸናፊውን በግጥም ይሸነቁጡታል፤ አጸፋ ካጣ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ ማለት ነው። ሕጉ ግን ቀልድ አያውቅም፤ የነካ ያነሳል። ጣትህ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ፣ ባይበጅህም ጠጠሩን አንስተህ ትዘራለህ። በዚህ ሕግ የተኮራረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

ከዚያ ጎረምሶቹ የቢራ ቆርኪ ካርቶን ላይ እየደረደሩ ዳማ ያዙ። ጆተኒው መጣ፣ ፑሉ መጣ፣ በመጨረሻ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ደጃፉ ላይ የቀሩት ጋሽ ሙሳና የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ሀብተማርያም ብቻ ሆኑ። ሰሚ ሲጠፋ ግጥሙም ቀረ።

ቀጥሎ የጋሽ ሙሳ ዓይን ጠፋ። መስጊድ የሚሄዱት በሰው እጅ፣ የሚጎርሱትም ሰው አቅርቦላቸው ሆነ። ገበጣው ላይ ግን ማንም አይመራቸውም ነበር። አንዱ ጉድጓድ ከንፈሩ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ሌላውን መሮ ስቶ ጎድቶታል፤ ሌላው አውራ ጣታቸው ከመመላለሱ ብዛት ጠርዙ ተበልቷል። ጠጠሩን ሲወድቅ በጆሯቸው ይቆጥራሉ፤ ጠርዙን ብቻ ዳበስ አድርገው፣ ውስጡን ሳይነኩ፣ የፈለጉት ጉድጓድ ላይ ይደርሳሉ። መሪጌታን ባሸነፉ ቀን ፊታቸው ሲበራ አይቼ እንባዬ ይመጣ ነበር። የሰው እጅ ሳይጠብቁ የሚውሉት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

አምና ልጃቸው ሬድዋን ካፌ ከፈተ። የዘመን ነገር፣ ገበጣ ፋሽን ሆኖ ተመልሶ መጣ። ወጣቶቹ በጠጠር ፈንታ ባለቀለም የብርጭቆ ዶቃ ይዘው፣ ያለ ተረብ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጫወታሉ፤ ፎቶም ይነሳሉ። ለታይታ ነው ብዬ አጉረምርሜ ነበር፤ ቆሜ ሳያቸው ግን ጎበዞች ናቸው።

ሬድዋን አባቱን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሊያስከብር ፈለገ። ሳይነግራቸው ገበጣውን ወሰደ። ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ደፈነ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አስተካከለ፣ ቫርኒሽ ቀባው። መቼም ያምር ነበር። ካፌው መሐል አስቀምጦ ሁለቱን ሽማግሌዎች ጋበዘ።

ጋሽ ሙሳ ጠርዙን ዳበሱ። ደግመው ዳበሱ።

“ይኼ የማን ነው?” አሉ።

ሬድዋን የራሳቸው መሆኑን፣ እሱ እንዳሳመረው በኩራት ነገራቸው። እሳቸውም አላህ ይባርክህ አሉት። ጨዋታው ተጀመረ። እጃቸው ጠርዙ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ጣታቸው ያላሰቡት ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

መሪጌታ ቶሎ ብለው፣ “ግድየለም፣ አልነኩም” አሉ።

“ነክቻለሁ መሪጌታ። አይዋሹልኝ።”

አንስተው ዘሩ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ እየነኩ፣ የነኩትን እያነሱ፣ እስኪሸነፉ ተጫወቱ። ወጣቶቹ ዶቃቸውን ትተው ያዩ ነበር። ሬድዋን ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው፤ አንጀቴን በላው።

በማግስቱ መሮ ይዞ አባቱ እግር ሥር ተቀመጠ። ስንጥቁ የት እንደነበረ፣ የተበላው የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝና እንደነበረ ላድርገው ብሎ ለመናቸው። ጋሽ ሙሳ ገበጣውን ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት።

“አላውቀውም ልጄ” አሉት። “የሚያውቀው እጄ ነበር።”

መሪጌታ አሁንም በየቀኑ ይመጣሉ። ሁለቱ ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።