የወንድሜ ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት

ወንድሜ ከግንባር የተመለሰው ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ነው። ሲቀመጥ እግሩ እንደ በር መወርወሪያ ቀጥ ብሎ ከፊቱ ይጋደማል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ማለፍ የፈለገ ሰው ተሻግሮት ነው የሚያልፈው። እናቴና እኔ ውለን አድረን ለመድነው፤ እሱ ግን አልለመደውም። ሰው በተሻገረው ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

ደሴ ፒያሳ አጠገብ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ። ሥራው ለሰባት ቢሮዎች ደብዳቤ ማድረስና መዝገብ ላይ ማስፈረም ነው። ከሰባቱ አራቱ ዳገት ላይ ናቸው። ደሴ ላይ ዳገት ያልሆነ ነገር የት አለና! በከዘራው እየተደገፈ እግሩን እየጎተተ ሲወጣ፣ ጠዋት የያዘው ደብዳቤ ከምሳ በኋላ ይደርሳል። አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠርተው እንዲህ አሉት፦

“ጓድ፣ እኔ አንተን ማስወጣት አልፈልግም። ደብዳቤው ከቀትር በፊት ካልደረሰ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ዘዴ ፈልግ። ካልሆነ መጦሪያው እንዲቀበልህ እጽፍልሃለሁ።”

መጦሪያው አካላቸው የጎደለ ወታደሮች የሚኖሩበት ነው፤ ከደሴ የሁለት ቀን መንገድ ይሆናል። ወንድሜ ይህን ሲነግረን እናቴን አላያትም፤ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

“ከቤት ርቄ የኖርኩት ይበቃኛል” አለ። “ሁለተኛ አልሄድም። አልችልም፣ እማ።”

ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። “አልችልም” ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የብስክሌቱን ነገር ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል፤ እውነት ስለሆነ ደግሞ አላፍርበትም። አባታችን በሕይወት ሳለ ኮምቦልቻ ውስጥ የወባ መድኃኒት ይረጭ ነበር፤ የሚዞረውም በእንግሊዝ ብስክሌት ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ብስክሌቱ ዝጎ ተሰበረ። እናቴ ግን የኋላ ጎማውን ጓዳ ውስጥ ሰቅላ አስቀምጣዋለች። የዚያ ጎማ ሞዞ፣ ማለትም መሐሉ ላይ ያለው ሽቦዎቹ የሚሰበሰቡበት እምብርት፣ ከሌላ ብስክሌት ሞዞ ይወፍራል። ሦስት ማርሽ ሆዱ ውስጥ አለ። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ከጫፉ እንደ አንገት ጌጥ የቀጠነች ሰንሰለት ብቻ ብቅ ትላለች። እሷ ስትሳብ ውስጡ ያለው ማርሽ ይቀየራል።

“በአንድ እግር ብስክሌት?” አለ ወንድሜ። “ሰርከስ ልታስቀጥሪኝ ነው?”

“አንደኛው እግርህ ይረግጣል፣ ሌላኛው ይቀመጣል። ቤት ውስጥ እንደሚቀመጠው።”

“እማ፣ የዚችን ልጅ አፍ ስሚልኝ!”

እናቴ ጓዳ ገብታ ጎማውን አወረደችውና በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ትጠርገው ጀመር። በዚያው ተወሰነ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ኮምቦልቻ በአንድ የጭነት መኪና ጋራዥ በያጅ ናቸው። ትምህርት ቤት ዝግ ነበር፤ ወንድሜም የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰደ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን፣ ጎማውን ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ ወረድን። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ገባና ጎማውን አንስቶ አገላበጠው።

“ይሄ መሐሉ ላይ ያበጠው ምንድን ነው?”

“ማርሽ ነው። ውስጡ ነው ያለው” አልኩት።

“ማርሽ ውስጥ ይገባል? እኔን ልታሞኚኝ ነው?”

ጆሮው አጠገብ አድርጎ አሽከረከረው። ሞዞው ትክ፣ ትክ፣ ትክ አለ። ወታደሩ ወዲያው ክንዱን ዘርግቶ ከፊቱ አራቀው።  አንዲት ሴትዮ “ያ ረቢ!” ሲሉ ተሰማ።

“ወንድም፣” አለ ወንድሜ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ “ፈንጂ ቢሆን አጠገቡ እቀመጥ ነበር? እኔ አንዴ ቀምሼዋለሁ።”

ወታደሩ መተላለፊያው ላይ የተዘረጋውን እግር አየ። በዕድሜ ከወንድሜ የሚበልጥ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ያንስ ይሆናል። ጎማውን ቀስ አድርጎ ጭኔ ላይ መለሰልኝና “እለፉ” ብሎ ወረደ። 

አጎቴ ወንድሜን ባዶ በርሜል ላይ አስቀምጠው በጠመኔና በብየዳ ዘንግ ለኩት፤ የግራ እግሩን ርዝመት፣ የክንዱን፣ ቀኝ እግሩ ተዘርግቶ ተረከዙ የሚያርፍበትን።

“ልብስ ሰፊ እንኳ እንዲህ ለክቶኝ አያውቅም” አለ ወንድሜ።

“ልብስ ቢጠብህ ትለጥጠዋለህ። ብረት አይለጠጥልህም። ዝም ብለህ ተቀመጥ።”

ከሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ቆርጠው አንድ ቴላዮ፣ የብስክሌቱን አጽም፣ በየዱ። የማይታጠፍ እግር ከፍ ያለ ብረት መሻገር ስለማይችል የላይኛውን ቧንቧ ዝቅ አደረጉት። ከፊት በቀኝ በኩል እንደ ጫማ ጠርዝ ያለው የእግር ማሳረፊያ አበቀሉለት። የቀኙን ፔዳል አወለቁ፤ በግራው ላይ እግሩ እንዳይሸሽ የቆዳ ማሰሪያ ገጠሙበት። የአባቴ ጎማ ክብ ብረቱ ዝጎ ስለነበር ሞዞውን ፈትተው በሌላ ክብ ላይ እያንዳንዱን ሽቦ አንድ በአንድ መለሱት። ሽቦዎቹን እንደ ክራር በጥፍራቸው መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ፤ የላላው ድምፁ ይወፍራል።

የእኔ ሥራ ደብተር ነበር። ሞዞውን ሲከፍቱ ከውስጡ የሚወጣውን ሁሉ በቅደም ተከተል እየሣልኩ ቁጥር እሰጠው ነበር። ከሁሉ የገረሙኝ የሕፃን ጥፍር የሚያካክሉ ትንንሽ የብረት ምላሶች ናቸው። ከእያንዳንዷ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ አለ፤ ምላሷን ወደ ውጭ የሚገፋት እሱ ነው። ምላሶቹ ብቅ ካሉ ጥርሱን ይዘው ጎማውን ያዞራሉ። ካላሉ ፔዳሉ በባዶው ይሽከረከራል። ከሥዕሉ ግርጌ “ከውስጡ የወጣው ዘይት፦ ቀጭን፣ ሻይ የመሰለ” ብዬ ጻፍኩ።

አጎቴ ዕቃውን በናፍጣ አጥበው ሲጨርሱ የግራሶ ጣሳቸውን ከፈቱ። የጭነት መኪና ኩሽኔታ ውስጥ የሚጠቀጠቀው፣ ያ ወፍራሙ ቅባት ነው።

“አጎቴ፣ ከውስጡ የወጣው እኮ ቀጭን ዘይት ነበር።”

“የቀጠነው አርጅቶ ነው። እኔስ ወፍራም አልነበርኩም?”

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

“የጭነት መኪና በዚህ ግራሶ ስንት ዓመት ይሄዳል” አሉ እየጠቀጠቁ። “ለዚህ ለቀጫጫ ወንድምሽ ቢበዛበት እንጂ አያንሰውም።”

በብረት ነገር ከአጎቴ ጋር የተከራከረ ሰው በቤተሰባችን የለም። ደብተሬን ከፍቼ “ቀጭን” የሚለውን ሰረዝኩና ከበላዩ “ግራሶ” ብዬ ጻፍኩ። ስላመንኩ አልነበረም፤ ስለተሳቀብኝ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ብስክሌቱ እንደ ወፍ በረረ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መንገዱ እንደ ምጣድ ይግላል። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ በሦስተኛው ሄደ። ቀኝ እግሩ ማሳረፊያው ላይ ተዘርግቶ፣ ግራው እየገፋና እየሳበ፣ እስከ ድልድዩ ደርሶ ተመለሰ። ትንሽ ዳገት ስትመጣ ማርሹን ቀንሶ አለፋት። እየሳቀ ነበር። ከተመለሰ ወዲህ ጥርሱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አጎቴ “ማሻአላህ” ብለው ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ሰኞ ጠዋት ደሴ ጉም ነበር። አለቃው ሊያዩት መስኮት ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላ ከኋላው እሮጣለሁ። ለሁለቱ ቢሮዎች በደህና አደረሰ። ሦስተኛው የመጀመሪያው ዳገት ላይ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋ፤ ፔዳሉ በባዶው ዞረ። የግራ እግሩ ታስሯል፤ ቀኙ አይታጠፍም። በቀኙ ወደቀ። ደብዳቤዎቹ ጭቃው ላይ ተበተኑ።

ሮጬ ስደርስ “እኔን ተይኝ፣ ደብዳቤውን ሰብስቢ” አለኝ። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር።

አለቃው ጭቃ የነካቸውን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አዩ። “ጓድ፣ ወሩ ዓርብ ያልቃል፤ እስከዚያ ደብዳቤውን ሌላ ሰው ያድርስ” አሉ። ከዚያ በላይ ምን ይበሉ?

ቤት ሲደርስ ብስክሌቱን ግቢው ውስጥ አስደግፎ ተኛ። እኔ ግን አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲወጣ የኋላ ጎማውን ከፍ አድርጌ ፔዳሉን በእጄ አዞርኩት። አንደኛ ማርሽ በደንብ ያዘ! ምን ጉድ ነው? ማክሰኞ እናቴ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ስትነሳ አብሬ ተነስቼ ደግሜ ሞከርኩት፤ በባዶው ዞረ። እኩለ ቀን ላይ ያዘ። ረቡዕ ጠዋት ሞዞውን በመዳፌ ነካሁት፤ የምንጭ ድንጋይ ይመስል ይቀዘቅዛል። ገብቼ ቁርስ ሳቀርብ እናቴ ቅቤውን በማንኪያ ትቆፍራለች። አጎቴ ቤት እኮ ቅቤ ከጠርሙስ እየፈሰሰ ነው የሚቀዳው! እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ኮምቦልቻ ላይ የላላው ግራሶ ደሴ ላይ ረግቶ ምላሶቹን አስሯቸዋል።

ለወንድሜ ስነግረው ጣራውን እያየ አዳመጠኝ።

“ቀጭን ዘይት መሆኑን ጽፌው ነበር” አልኩት። “ሲስቁብኝ ሰረዝኩት። የጣልኩህ እኔ ነኝ።”

ዓይኑን ከጣራው ላይ አንስቶ አየኝ። ከዚያ በክንዱ ተደግፎ ተነሳ።

“ሰረዝሽው እንጂ አልቀደድሽውም። ደብተሩን አምጪ።”

እናቴ ነጭ ጨርቅ ግቢው ላይ ዘረጋችልን። እኔ ከደብተሩ አነባለሁ፣ እሱ ይፈታል። “ቁጥር አምስት፣ ጥርሱ ወደ ላይ።” “ቁጥር ስድስት፣ ምላሷ በግራ።” እያንዳንዱን በላምባ አጠብን። ፒያሳ ካለ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት በትንሽ ብልቃጥ ለምኜ አመጣሁ። እንደ ሻይ ቀጭን ነው። ስንመልስ አንዷ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ከወንድሜ ጣት አመለጠች። ሦስታችንም ተንበርክከን በመዳፋችን መሬቱን ዳሰስን። እናቴ ዱዓ እያደረገች ነው የምትዳስሰው። በመጨረሻ ያገኘቻት ከወንድሜ ሱሪ እጥፋት ውስጥ ነው። ማናችንም አልሳቅንም።

ሐሙስ አጎቴ የወንድሜን መውደቅ ሰምተው በጭነት መኪና መጡ። እንዳይቆጡ ፈርቼ ከእናቴ ኋላ ቆምኩ። እናቴ የግራሶውን ነገር ነገረቻቸው። ሞዞውን አዞሩት፣ የፈሰሰውን ዘይት በጣታቸው ነክተው አሸተቱት።

“ለደሴ የሠራሁትን ኮምቦልቻ ላይ ፈተንኩት” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ፣ ለምን ደግመሽ አልተናገርሽም?”

“ሰው ሳቀብኝ፣ አጎቴ።”

“ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ስስቅ፣ ደብተርሽን አፍንጫዬ ላይ ዘርግተሽ አንብቢልኝ። ሰማሽ?”

ዓርብ ጉሙ ከሰኞው ይብስ ነበር። ወንድሜ እንዳልከተለው ከለከለኝ፤ በር ላይ ቀረሁ። እናቴ ሽንኩርት ለመክተፍ ተቀምጣ አንድም አልከተፈችም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የብስክሌቱ ትክ ትክ በአጥሩ በኩል ተሰማ። ወንድሜ ገብቶ ብስክሌቱን አስደገፈ።

“ሰባቱም ፈረሙ” አለ። “አለቃው መዝገቡን አይተው ‘ሰኞ በሰዓትህ ግባ’ አሉኝ። እዚሁ ነኝ፣ እማ።”

እናቴ “አልሀምዱሊላህ” ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች።

አሁን በየቀኑ ይወጣል። ሦስተኛው ቢሮ ሳይደርስ፣ ዳገቱ መሐል ላይ፣ አንዲት እናት በራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ልጃቸው ከወንድሜ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ሄዶ አልተመለሰም፤ ወሬውም አልመጣም። ሌላ ብስክሌት ማርሽ የሚቀይረው እየሄደ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ከቆመ በአንድ እግር ተመልሶ አይነሳም። የአባቴ ሞዞ ግን ቆሞም ማርሽ ይቀይራል። ወንድሜ በየቀኑ ይቆምላቸዋል። “እንዴት አደሩ?” ይላቸዋል። እሳቸው የተዘረጋ እግሩን በመዳፋቸው ይዳብሱታል፤ እሱም ፊቱን አያዞርም። ከዚያ አንደኛ ማርሽ ያስገባና ዳገቱን ይቀጥላል።