መብረቅ ፈርቼ የነቀልኩት ኬብል

ሰማይ ሲያጉረመርም እኔ ሶኬት መንቀል እጀምራለሁ። ኡኬ ከተማ ሳለን አንድ ጎረቤታችን ቴሌቪዥኑን ሳይነቅል ገበያ ሄዶ ሲመለስ፣ መብረቅ መትቶት ጀርባው ቀልጦ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ደመና ባየሁ ቁጥር ሬዲዮውንም፣ ካውያውንም፣ የስልክ ቻርጀሩንም እነቅላለሁ። ልጄ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቤቱን የምታጨልሚው አንቺ ነሽ እያለች ትስቅብኛለች።

ባለፈው ክረምት ግን ይኸው ጥንቃቄዬ ልጄን ሥራ ሊያሳጣት ነበር።

ነቀምት የገባነው እሷ ኮምፒውተር ስትማር ነው። ከተመረቀች በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ያላመለከተችበት ቦታ የለም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ እዚያው ቤትሽ ሆነሽ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተፈተኚ አላት። ለፈተናው በላፕቶፗ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ከፈተች፤ ቨርችዋል ማሽን ትለዋለች፣ የሚሠራውም ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ በሚገባኝ መንገድ ነገረችኝ። ግቢ ውስጥ እንዳለ ተከራይ ቁጠሪው አለችኝ፤ ግቢው የባለቤቱ ነው፣ ክፍሉ ግን የራሱ ነው። እኛም ተከራዮች ነንና ወዲያው ገባኝ። የፈተናውን ጥያቄ የሚያመጣውም፣ መልሱን የሚያደርሰውም ያ ተከራይ ነው። ኔትወርክ ከሌለው ፈተና የለም።

ኢንተርኔቱ የአከራያችን ነው። ሳጥኑ እሳቸው ሳሎን ተቀምጧል፤ በመስኮት ተስቦ የገባ ኬብል ከልጄ ላፕቶፕ ጋር ይገናኛል። ዋይፋዩም እኛ ክፍል ድረስ ይመጣል፣ እሷ ግን ለፈተና ኬብል ይሻላል ብላለች።

የፈተናው ቀን አምስት ሰዓት ላይ መታወቂያዋን ኮፒ ልታደርግ ወጣች። ወዲያው በምሥራቅ፣ በሲሬ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ነጎደ። ከመጽሐፎቿ ኋላ እጄን ሰድጄ ኬብሉን ከላፕቶፑ ነቀልኩት፤ ጠቅልዬም መጋረጃው ሥር አስቀመጥኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም።

ተመልሳ ስትከፍተው ላፕቶፑ ኢንተርኔት አለው፣ ተከራዩ ግን የለውም። አጥፍታ አስነሳችው። አሁንም የለም። ስክሪኑ ላይ በከፈተችው ጥቁር መስኮት ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች። ልናገር አልኩና ፊቷን ሳይ ፈራሁ። ደግሞም ላፕቶፑ እየሠራ ኬብሉ ምን አገባው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አከራያችን ጃንጥላ ይዘው ብቅ አሉ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው ወደ ልጄ ጠጋ አሉና፣

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ልጄ» አሏት። «አንድ ተከራይ አስቸገረኝ ነው የምትይው? እኔስ ሁለት ይዤ ምን ልበል?»

ልጄ ፈገግ አለች። ስምንት ሰዓት አለፈ። ዝም ብዬ ማየት ሲያቅተኝ ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ከቅርብ ጀምሬ እየጠየቅሁ ነው» አለች ዓይኗን ሳታነሣ። «መጀመሪያ ራሱን ጠየቅሁ፣ መለሰ። ቀጥዬ መውጫ በሩን ጠየቅሁ፣ በሩ ዝም አለ። በሩ ዝም ካለ የውጭውን መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።»

እኛም ውኃ ሲጠፋ እንደዚሁ ነው የምናደርገው። መጀመሪያ የራሳችንን ቧንቧ፣ ከዚያ የአከራያችንን፣ ከዚያ የጎረቤትን እናያለን። ይህን እያሰብኩ፣

«የትኛው ነው በሩ?» አልኳት።

«ኬብሉ። ላፕቶፑ ኬብል ሲያጣ በዋይፋይ ይወጣል። ተከራዩን ግን በኬብሉ ብቻ እንዲወጣ ነው ያደረግሁት።»

«ልጄ፣ ኬብሉን ነቅዬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ኮፒ ስትሄጂ። ነጎድጓድ ነበር።»

መጽሐፎቹን ገፋ አድርጋ አየች። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ሳቋ መጣ።

«እማ፣ እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተከራዩን ኪስ ስፈትሽ፣ በሩን የቆለፍሽበት አንቺ ነሽ?»

ሮጬ ኬብሉን ከመጋረጃው ሥር አወጣሁት። ልሰካው ስል በጣም ቅርብ ሆኖ ነጎደ። እጄ ባለበት ቀረ። ልሰካ ብል መብረቁ፣ ልተው ብል ፈተናዋ።

«ተይው፣ አስቀምጪው» አለችኝ። «ተከራዩም ከባለቤቱ ከላፕቶፑ ጋር በዋይፋይ ይወጣል።»

ሴቲንጉን ገብታ ቀየረችና ተከራዩን እንደገና አስነሣችው። በሩን ጠየቀች። በጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ መስመር መጣ፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ።

«መለሰ» አለች። ከዚያም የውጭውን ጠየቀች፤ እሱም መለሰ። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ነበር።

እሷ ስትፈተን እኔ ጠቅላላውን ጊዜ ደጃፉ ላይ ሆኜ ዝናቡን አየሁ፤ ኬብሉን እቅፌ ውስጥ ይዤው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይተው ከመሥሪያ ቤቱ ደወሉላት። አሁን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆና ትሠራለች።

መንቀሌን አልተውኩም፣ የምተውም አይመስለኝም። ግን ከላፕቶፑ ጎን አንድ ደብተርና እርሳስ አስቀምጫለሁ። ስትወጣ ሰማዩ ከተቆጣ፣ በዚያ በአራተኛ ክፍል እጄ «ኬብል ነቅያለሁ፣ አምስት ሰዓት» ብዬ እጽፋለሁ። ስትመለስ ከሥሩ «አይቻለሁ እማ» ብላ ትጽፍልኛለች። ደብተሩ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።