ሦስተኛው ሶኬት

ትናንት ልጄ እርሳስና ወረቀት ይዛ በረንዳው ላይ ቆመችና፣ «አባ፣ አትክልቱ ውስጥ ሶኬት የት የት እናድርግ?» አለችኝ። ዕድሜዬን በኤሌክትሪክ ሥራ የጨረስኩ ሰው፣ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ነገሩ የሆነው አስመራ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር የነበራት ፌዴሬሽን ፈርሶ፣ ሰው ግራ ቀኙን እያየ የሚያወራበት ጊዜ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፤ ከሰባተኛ ክፍል ተባርሬ በዓለም ሁሉ የተናደድኩ፣ ምላሴ ከእጄ የሚፈጥን። ማይ ጭሆት ሰፈር የሚኖሩ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት፣ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ሶኬት ሊያስገጥሙ ጠሩኝ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉሙ ከምፅዋ በኩል ወጥቶ ግቢውን ውጦታል፤ ከዛፉ የረገፈ የዘይቱን ፍሬ ይሸታል።

ጠመኔ ይዤ ተከተልኳቸው። አንዱን በረንዳው ላይ ለሬዲዮ፣ አንዱን ልብስ ከሚሰጣበት ለካውያ ምልክት አደረግሁ። ሦስተኛውን አትክልቱ ጥግ፣ ክዳኑ ላይ አበባ የተደረደረበት ከመሬት ከፍ ያለ የድሮ የሲሚንቶ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ጎን ላይ አሉኝ።

«ኣደይ፣ እናቴ፣ ውሃና ኤሌክትሪክ ደግሞ መቼ ታረቁ?»

«ደረቅ ነው፣ ወደይ፣ ልጄ። ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ ውሃ የለውም።»

«ታዲያ ማን ሊሰካበት ነው? እንቁራሪት?»

አልሳቁም።

ግድግዳ ከመብሳቴ በፊት፣ ባዶ ይሁን ድፍን ለማወቅ፣ በመዶሻ እጀታ ሦስቴ ማንኳኳት ልማዴ ነው። የጉድጓዱን ግድግዳ አንኳኳሁ።

ከውስጥ ሦስቴ ተንኳኳ።

መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ሴትዮዋ አመድ መስለው ክንዴን ያዙኝ።

«ባለቤቴ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ከሞተ ወዲህ ግቢውን አልለቀቀም። ለሰው ከተወራበት ይቆጣል። ማልልኝ!»

በማርያም ማልኩ። ሶኬቱን እንዴት እንደገጠምኩት አላውቅም፤ ከግቢው የወጣሁት ወደ ኋላ እየተራመድኩ ነው።

ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው፣ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ባለ አንድ ቡና ቤት፣ ሻሂ ይዤ ለጓደኞቼ ዘረገፍኩት። «ሙቱ መልሶ አንኳኳ! መብራትም አስገባ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከጎናችን የተቀመጠ ኮት የለበሰ ሰው ብቻ አልሳቀም። ጋዜጣውን አጠፈና ረጋ ብሎ፣ «የትኛው ቤት ነው፣ ወንድም?» አለኝ። አድማጭ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ፣ የበሩ ቀለም ሳይቀር ነገርኩት።

በሳምንቱ ሳልፍ የወይዘሮ ለተብርሃን ቤት ታሽጓል። ወታደሮች ከጉድጓዱ ጢሙ የረዘመ ወጣት ማውጣታቸውን ጎረቤት ነገረኝ፤ የሴትዮዋ ልጅ ነው፣ ከሸማቂዎች ጋር በረሃ ወጣ የተባለው። እሳቸውንም አብረው ወስደዋቸዋል። ሦስተኛው ሶኬት ለእሱ መብራት እንደነበረ፣ እናቱም ምግብ ሲያወርዱለት ሦስቴ እንደሚያንኳኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጁ የመለሰው እናቱ መስለውት ነበር።

የልጄ ወረቀት እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ሰው ሙት ይፈራል። እኔ ግን፣ ይኸው ሸብቼም፣ እመኛለሁ፤ ምነው ያ ከውስጥ ያንኳኳው የእውነት ሙት በሆነ።