የእኔ ላብና የሐዋ ላብ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ጥቁር ቀሚሴ ጀርባ ላይ የደረቀ ነጭ ጨው ነው። ልጄን ላርስ ደብረ ብርሃን ሄጄ፣ የልጅ ልጄ ክርስትና እስክትነሳ ብርድ ውስጥ ከርሜ፣ ድሬ ዳዋ የተመለስኩት በግንቦት ሙቀት ነበር። በማግስቱ ልብስ ወደምሸጥበት ገበያ ወጣሁ። ጎረቤቴ ሐዋ እኩያዬ ናት፤ አብረን ስንሸጥ ነው ያረጀነው። እሷም ያልባታል፤ ድሪያ ቀሚሷ ላይ ግን አንድም ነጭ ነገር የለም። ቀናሁ።

«አቦ ዘነቡ፣ ቆዳሽን ደጋ ረስተሽው መጣሽ እንዴ?» አለችኝ።

እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልጄ ይህን ልስማ? ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትጠጣ አይቼ፣ እሷ በጠጣች ቁጥር እኔም ጠጣሁ። እንዲያውም በለጥኳት። ለደም ግፊት ኪኒን እየወሰድኩ ጨው ከምግቤ ጨርሶ ማውጣቴን አላሰብኩም።

ባቴን ቁርጠት ያዘኝ። አስመለሰኝ። የደንበኛዬ ስም ጠፋኝ። ወደቅሁ።

ስነቃ ክንዴ ላይ የጨው ውሃ ተሰክቷል። በደሜ ያለው ጨው፣ ሶዲየም የሚሉት፣ ወርዶ ነበር። ሐዋ ሱቋን እንደተከፈተ ትታ በባጃጅ ሐኪም ቤት አምጥታኝ እግሬ ሥር ተቀምጣለች፤ ልብሷ አሁንም ንጹህ ነው።

ፀሐዩ አንድ፣ ሥራው አንድ፤ የእኔ ጨው ብቻ የሚፈሰው በምን ፍርድ ነው ብዬ ሐኪሙን ያዝኩት።

«እማማ፣ ሙቀት የለመደ ሰውነት ጨዉን ከላቡ መልሶ ይይዛል፤ ከብርድ የመጣ ይለቀዋል። ሰውነት የት ተወለዱ ብሎ አይጠይቅም፤ ሰሞኑን የት ከረሙ ነው የሚለው።»

ላብ በፍጥነት ሲወርድ ሰውነት ጨዉን ለመመለስ ጊዜ እንደማያገኝ፣ ምግብና ተፈጥሮም ሰውን ከሰው እንደሚለዩ፣ ኪኒኔ ጨው በሽንት እንደሚያስወጣ፣ ያ ሁሉ ውሃ ደግሞ የቀረኝን እንዳቀጠነው አስረዳኝ። ኪኒኑን ቀየረልኝ፤ ጥቂት ጨውም ፈቀደልኝ። መጀመሪያ በጠዋቱ ብቻ፣ ኋላም ቀስ በቀስ ረዘም እያደረግሁ ፀሐይ ላይ ስወጣ፣ ቀሚሴ ላይ ያለው ነጭ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

ከደጋ ወደ ቆላ የምትመለሱ እናቶች፣ ሙቀቱን በጥቂት በጥቂቱ ልመዱት። የግፊት ኪኒን የምትወስዱም ጨው በገዛ እጃችሁ አትጨምሩ፣ አታቁሙም፤ ሐኪም ጠይቁ። ውሃችሁን በጎረቤት ጥም አትለኩ።

ሐዋን ፈጣሪ ይስጥልኝ። ተኝቼ በነበርኩ ጊዜ ዕቃዬን ስትሸጥልኝ የቆየችው እሷ ናት። ለዓመታት አልሸጥ ያለኝን ሹራብ ሳይቀር በድሬ ሙቀት ሸጣዋለች። በዚህ እስከ ዛሬ እቀናለሁ።