በጋጣ የከረመው ፈረስ

ልጅ እያለሁ የፈረስ ሽታ ደስ ይለኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ዛሬ ፋንድያ የረገጠ ጫማ ደጃፌ ላይ ሳይ አፍንጫዬን ይዤ እሸሻለሁ። ይህን አመል ያመጣብኝ የአባቴ ዳማ ፈረስ ነው፤ ፈረሱስ ምንም አላጠፋም።

ዳማው አርብ ገበያ ሲገባ ሰው ዞር ብሎ ነበር የሚያየው። የሚጋልበው አባቴ፣ አዛባውን የምትዝቀው እናቴ። የእኛ አገር ወንድ ፈረሱን ያሻሻል፣ ኮርቻውን ያስውባል፣ ስሙን እየጠራ ይፎክራል፤ ከሥሩ መጥረግ ግን ነውር ነው።

አንድ ክረምት ላይ እናቴ ወለደች። እሷ አራስ ሆና ስትተኛ ጋጣው በዚያው ተረሳ። እኔ ልጥረግ ብዬ ስገባ አባቴ «ይረግጥሻል፣ ውጪ!» ብሎ አባረረኝ፤ አካፋውን ግን ራሱም አላነሳም። ዝናቡ በጣራው እየገባ ፋንድያውን ከሽንቱ ጋር አቦካው። ፈረሱ እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያድራል፣ ቆሞ ይውላል። ገብሱን ግን አባቴ አንድም ቀን አላጓደለበትም፤ ከላይ ሲታይ ፈረሱ ወዝ በወዝ ነበር።

ነሐሴ ሲገባደድ የኋላ ግራ እግሩን መርገጥ ተወ። አባቴ «የሰው ዓይን ነው» ብሎ አንገቱ ላይ ክታብ አሰረለት። አልሻለው ሲል ማጭድ አግሎ ታፋውን ተኮሰው። የተቃጠለው ጠጉር ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እናቴ ሕፃኑን በነጠላዋ ሸፍና ስታስል እሰማ ነበር። ታፋው ምን በደለ? ኮቴውን አንስቶ ያየ የለም፤ ኮቴው አዛባ ውስጥ ነዋ!

በመጨረሻ ግማቱ እናቴ ከተኛችበት ደረሰ። ሕፃኑ ገና ክርስትና ሳይነሳ፣ ወገቧን በመቀነት ጠፍራ ወደ ጋጣው ገባችና እግሩን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ገለበጠችው። የኮቴው ውስጥ ጠቁሮ ረጥቧል። በጣቷ ጫን ስትለው መግል ፈሰሰ፤ ከመግሉ ጋር ትል። እዚያው አስታወከኝ።

«አንተ ሰው፣ ፈረሱን እኮ የተኛበት ቆሻሻ በላው!» አለች።

«አንቺ ተጋድመሽ ማን ይጥረግለት?» አላት አባቴ።

ከትሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የምታቅለሸልሸኝ ያቺ ቃል ናት።

በሙቅ የጨው ውኃ ብታጥበው፣ ብታጥበው ምን ዋጋ አለው፤ ኮቴው ከሥጋው ለቀቀ፣ ፈረሱም ተኛ። የፈረስ ሥጋ አይበላ ነገር፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ነፍሱ ሳትወጣ በገመድ ጎትቶ ገደል አፋፍ ላይ ተወው። ጅቡ መጮህ ሲጀምር አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ አለቀሰ። ሰውም «ፈረሱን እንዴት ቢወደው ነው!» እያለ አዘነለት። ለእናቴ ያዘነላት አልነበረም።

አሁን እኔ የምኖረው ንፋስ መውጫ ከተማ ነው፤ ከቤት ወጥቼ የምሳፈረው ባጃጅ ነው፣ በደጄ የሚያልፍ ፈረስም ብዙ አይታይም። እናቴ አርፋለች። አባቴ ከወደቀ ወዲህ አልጋ ይዟል፤ እኔ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት አንሶላውን ስገልጥ እጸየፋለሁ፣ አልዋሽም፤ በአፌ ነው የምተነፍሰው። እሱም ያየኛል፣ ያፍራል።

«ተይው ልጄ፣ ይቆይ» ይለኛል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

«ተገልበጥ፣ አባዬ» እለዋለሁ። አንድም ጠዋት ሳላጥበው አልዋልኩም።